ቀን ቀን የሚጎድለው ሐይቅ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፦ ከአርዲቦ ዳር

ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ አርዲቦ ጉም ለብሶ ተኝቷል። ማዶ ያሉት ቤቶች አይታዩም፤ ውሻቸው ሲጮህ ብቻ ነው መኖራቸው የሚታወቀው። ኩታዬን ተከናንቤ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ባለባጃጁን ሰይድን እጠብቃለሁ። መንገዴ ሐይቅ ከተማ፣ ከሐይቅ ደግሞ አምባሰል፣ ውጫሌ ነው። ኤሌክትሪክ የምታውቅ ሰው ፍለጋ።

ጅዳም፣ ሪያድም፣ ኩዌትም ያላችሁ ልጆቻችን ይህን ገጽ እንደምታነቡት ነግረውኛል። ፓምፑን አዋጥታችሁ የገዛችሁልን እናንተ ናችሁና ምን እንደደረሰበት ማወቅ አለባችሁ። ሌላውም ሰው ያንብበው፣ አልከለክልም። እኔ እንድሪስ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስልክ ላይ በአንድ ጣት እየነካሁ ነው የምጽፈው። ስህተት ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ፤ አርሙልኝ አላልሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ የውኃ ሰዎች መጥተው ሐይቁ ውስጥ የብረት ዘንግ የመሰለ ነገር አንጠልጥለው ሄዱ። ሴንሰር ይሉታል። የውኃውን ከፍታ ሰምቶ በሽቦ ወደ ዳገቱ ይልካል፣ ዳገቱ ላይ ሳጥን አለ፣ ሳጥኑ ፊት ላይ ቁጥር ይወጣል። ያ የመጀመሪያው በጦርነቱ ጊዜ ሽቦው ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። ማን ወሰደው ብትሉኝ አላየሁም፤ ያላየሁትን አላወራም። ፓምፑን ግን ፈታተን ገለባ ውስጥ ቀብረን አተረፍነው።

ነገር ሲረጋ ሁለተኛ ሴንሰር መጣልን። አገሩ ተሰብስቦ መከረ። ይኸኛው አይሄድም አልን። በሰንሰለት ጠፍረን ከፓምፑ ብረት ጋር አሰርነው፣ ቁልፍ ገጠምንበት። ሰንሰለቱ የሙሐመድ ነው፤ ጀልባውን የሚያስርበት የነበረ። ሙሐመድ የዘምዘም ባል ነው፤ የፊተኛውን ሴንሰር እሱ ነበር የሚጠብቀው። በጦርነቱ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። ቁልፉን ሽማግሌ ይያዘው ተባለና በክር አስሬ አንገቴ ላይ አደረግሁት።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ፓምፑ እንደገና ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ፓምፑ የሚሠራው በፀሐይ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ይበረታል፣ ፀሐይ ሲደክም ይደክማል። ፓምፑ ሲበረታ ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ይወርዳል። ማታ ፓምፑ ሲተኛ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። የወረዳው ባለሙያ ይህን አየ። «ፓምፑ ሐይቁን እየጠጣው ነው፤ ሌሊት ምንጩ ይተካዋል፣ ቀን እናንተ ታጎድሉታላችሁ» አለ። ዳር ላይ ያለውን ድንጋይ አሳየነው፤ ውኃው ከወገቡ አልወረደም። «በዓይን አይለካም» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ በእግሩ ነው ያን ሁሉ ፀሐይ የመጣው። ግን ፓምፑን አስቆመ። ሐሙስ በመኪና መጥተን እናነሣዋለን ብሎ ሄደ።

ሽንኩርቱ አሁን ራስ የሚይዝበት ጊዜ ነው። የዘምዘም መደብ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ያ መደብ ከሄደ ለሷና ለልጆቿ ሌላ የለም። እኔ የምጓዘው ለዚህ ነው።

ባጃጁ ሲያጓራ መጣ። ሰይድ ከጅዳ የተመለሰ ጎረምሳ ነው፤ ጥርሱ ከፊቱ ቀድሞ ነው የሚታየው።

«አባባ፣ ቀበቶ ይሰሩ» አለኝ ገና ስገባ።

«ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ምን ቀበቶ አለ?»

«የሱሪዎን ነው ያልሁ። መንገዱ ያስፈታል።»

እውነቱን ነው። ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ የሚያወርደው መንገድ ድንጋዩ እንደ ጥርስ ወጥቷል። ከወንዙ ማዶ ስንደርስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ወርደን ገፋን። እኔ ዱላዬን ለሰይድ ሰጥቼ ስገፋ አንዲት ውኃ የቀዳች ልጅ አይታ ሳቀች። ይገባታል፤ ሽማግሌው ሲገፋ ወጣቱ ዱላ ይዞ ያዛል።

ማክሰኞ፣ ረፋድ፦ ሐይቅ ከተማ

ጎሚስታው የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ አውጥቶ ወደ ፀሐይ ያዘውና «ይኸ ላስቲክ ነው ወይስ የተጣፈ ጆንያ?» አለ። ሰይድ ሌላ ገጠመ። አሮጌውን ጠቅልሎ ከወንበር ሥር ከተተ።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አልሁት።

«አባባ፣ ጅዳ ሳለሁ የፕላስቲክ ገመድ እንኳ አልጥልም ነበር። ሰው አገር ዕቃ መጣል ያስለቅሳል። እዚህ ስመጣም አልለቀቀኝ።»

ሐይቅ ተመልሳለች። ግማሹ ሱቅ መዝጊያው በጥይት ተበሳስቷል፣ በቀዳዳው ግን ብርሃን እየገባ ሰው ይሸጣል። አንዱ ባለሱቅ ቀዳዳውን ሁሉ በቀይ ቀለም አበባ አድርጎታል። ዳር ዳሩን ሴቶች ዓሣ ይጠብሳሉ። ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ አዘዝሁ፤ ትኩስ፣ በሚጥሚጣ፣ በዳቦ። ዋጋው ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ጋር አይተዋወቅም። ለሴትዮዋ ብነግራት «ዓሣውም እኮ ፈርቶ ነበር፣ አሁን ነው የተመለሰ» ብላ አፌን ዘጋችኝ። ከፈልሁ።

የውጫሌ ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ የተቀመጡት የእስጢፋኖስ ገዳም መነኩሴ ናቸው። ቢጫ ቆብ፣ አንድ ቁና የምታህል ከረጢት።

«ወዴት ነው ሐጂ?» አሉኝ።

«ሐጂ አይደለሁም አባ። መካን በስልክ ነው ያየኋት።»

ሳቁ። ጉዳዬን ነገርኋቸው። እጃቸውን አጣጥፈው ሰሙኝና «ውኃ ይዋሻል እንዴ?» አሉ።

«ውኃውማ አይዋሽም። የሚዋሸው ሽቦው ነው። ቀጭን ሽቦ ነው የሰጡን፤ እኔ የምለው ይኸን ነው።»

«የሚያውቅ ሰው ይየው» አሉ። እኔን አለማመናቸው ትንሽ ቅር አለኝ።

ሱሉላን አለፍን። ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ ከባድ መኪና አለ፤ ፍየሎች ጥላው ሥር ተኝተዋል። ሹፌሩ ማሲንቆ ከፈተ፣ በአምባሰል ቅኝት። በግራ በኩል የአምባሰል ተራራ ቆሟል፤ ራሱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ እንደ ግድግዳ። ያ ዜማ ስሙን ከዚህ አገር ነው የወሰደው። ሩቅ ላይ ሆናችሁ ስትሰሙት ለምን ሆዳችሁ እንደሚባባ እዚህ ቁልቁለት ላይ ሆኖ የሰማ ያውቀዋል።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት፦ ውጫሌ

ውጫሌ ወዳጅ አለኝ፣ አለሙ ይባላል። በድርቁ ዘመን አንድ አካፋ እየተቀባበልን መንገድ ሠርተናል። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ አካፋው ግን አንድ ነበር። ልጁ ትርንጎ የኤሌክትሪክ መለኪያ ትጠግናለች። ለሷ ብዬ ነው የመጣሁት።

አለሙ ከበር ሲያየኝ «ይኸ ግትር ዛሬም አልሞተም!» ብሎ ጮኸ።

«አንተን ቀብሬ ነው የምሞት» አልሁትና ተሳስመን ተላቀስን። ከጦርነቱ ወዲህ መገናኘታችን ነው።

በነሱ ቤት ለኔ የተለየች ድስት አለች። ሥጋ ያልነካት፣ እኔ ስመጣ ብቻ ሽሮ የምትሠራባት። ቤታቸው ሲዘረፍ እሷም አብራ ሄዳ ኖሮ ባለቤቱ አዲስ ድስት አወጣች፤ ገና ወረቀቱ አልተላጠም። «ማንም አልበላባትም። አንተን ነበር የምንጠብቅ» አለችኝ። ሽሮው ሲቀርብ አንዴ ጎርሼ ወደ በሩ ዞርሁ። «አይጣፍጥም?» ሲሉኝ «ጨው በዝቷል» አልሁ። ጨውስ አልበዛም ነበር።

ትርንጎ ማታ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሱሪ ለባሽ፣ ፒንሳ ከኪሷ የማይለይ። ሁሉንም ነገርኋት፤ ሽቦው ቀጭን መሆኑን ደግሜ ነገርኋት።

«ሽቦውን ይተውት አባባ» አለችኝ። «ደመና ሲመጣ ቁጥሩ ምን ይሆናል?»

«ይመለሳል። ዘምዘም ነች ያየችው። ደመና ሲያልፍ ሐይቁ ይሞላል ትላለች።»

«ቀስ ብሎ ነው ወይስ ወዲያው?»

«ወዲያው። ጥላው ሳጥኑ ላይ ሳይደርስ።»

እናትና አባቷን አየች፣ እኔን አየች። «ሐይቅ እንዲህ አይፈጥንም። የመሬት ሽቦውን ነው የምጠረጥር። ነገ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«የመሬት ሽቦውን? እሱማ በደንብ ታስሯል። ሁሉም ነገር ታስሯል» አልሁ።

«እኮ» አለች።

ረቡዕ፦ መልስ ወደ አርዲቦ

ማለዳ ተነሣን። አለሙ እስከ መኪና መናኸሪያው ሸኘን፤ ለዘምዘም ልጆች ብሎ አንድ ፌስታል ብርቱካን አስያዘኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ትርንጎ ስልኳን እያየች፣ እኔ ተራራውን እያየሁ ሐይቅ ደረስን። ሰይድ ቆሞ ይጠብቀናል።

«እህቴ፣ ይህን ሽማግሌ በሰላም ስለመለስሽልን ጀዛኪላህ» አላት። እሷም «ገና ነው፣ ሥራው ሲያልቅ ታመሰግነኛለህ» አለችው። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ሲያወራ እሷ ስትስቅ እኔ የባጃጁን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ነው የገባሁ።

አርዲቦ ቀትር ላይ ሰማያዊ ነው። ጉም የለ፣ ነፋስ የለ። ትርንጎ ለሙከራ ብላ ፓምፑን አስነሣች፤ ውኃው በቧንቧው ተንፎልፍሎ ወጣ። ሳጥኑን አየን። ቁጥሩ ወረደ።

ቴስተሯን አወጣች። ረጅም ሽቦ ዘረጋች፤ አንዱን ጫፍ በፓምፑ ብረት፣ ሌላውን ሳጥኑ ሥር በተቀበረው የኧርዝ ዘንግ ላይ። ኧርዝ የሚሉት ኤሌክትሪኩን ከመሬት የሚያያይዘውን ነው።

«አባባ፣ ይኸም መሬት ነው፣ ያም መሬት ነው አይደል?»

«መሬትማ መሬት ነው።»

«በመካከላቸው ምንም መኖር የለበትም?»

«ምን ይኖራል!»

«እስቲ ይዩት።»

ቴስተሩ ላይ ቁጥር አለ። እያየነው አንዲት የደመና ቁራጭ ፀሐይን ሸፈነች። ፓምፑ ደከመ፣ የቴስተሩ ቁጥር ወደ ባዶ ወረደ፣ ከዳገቱ ሰይድ «የሳጥኑ ቁጥር ወጣ!» ብሎ ጮኸ። ደመናው አለፈ፤ ሁሉም ተገለበጠ።

እኔ አልገባኝም፤ አልገባኝም አልሁ። ትርንጎ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጀልባ ላይ ሆነው የውኃ ጥልቀት በዘንግ ለክተው ያውቃሉ?»

«ስንት ጊዜ!»

«ጀልባው ከፍ ዝቅ ሲልስ?»

«ልኩም ከፍ ዝቅ ይላል። ዓለት ላይ ካልቆሙ ምን ልክ አለ?»

«አዎ። ቮልትም እንደዚያ ነው። ብቻውን አይለካም፣ ከአንድ መቆሚያ ተነሥቶ ነው የሚለካው። የርስዎ ሳጥን መቆሚያው መሬት ነው፤ ግን መሬቱን ከሁለት ቦታ አስረውታል፣ አንዱ እዚህ ዳገት ላይ፣ አንዱ እዚያ ፓምፑ ላይ። የፓምፑ ብረት ከፍ ዝቅ ይላል። ሳጥኑ ጀልባ ላይ ቆሞ ነው ሐይቁን የሚለካው።»

ከዚያ ፓምፑን አጥፍታ ሥሩ ገባች። ከሶላሩ የሚመጣው ወፍራም ኬብል ብረቱ ላይ እየታሸ ልብሱ ተልጦ መዳቡ ብረቱን ነክቷል። «ከዚህ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያፈስሳል» አለች። «ብረቱ የራሱ ኧርዝ አለው፣ ግን ሌላ በር ካገኘ በሌላውም ይሄዳል። ሌላው በር ደግሞ...» በጣቷ ተከተለች። ከፓምፑ ብረት፣ በሰንሰለቱ፣ ወደ ሴንሰሩ፣ ከሴንሰሩ በቀጭኗ ሽቦ ወደ ሳጥኑ። የመስኖ ቦይ ሲሰበር ውኃው ወደ ጎረቤት እርሻ እንደሚገባ ያለ ነገር ነው። የሐይቁን ወሬ የምታመጣው ሽቦ ላይ የፓምፑ ኤሌክትሪክ ይሄድባታል።

ኬብሉን በናስትሮ ጠቀለለችና ተነሣች። «ኬብሉን ጠገንሁት። ነገ ግን ሌላ ቦታ ቢላጥ ያው ነው። ሰንሰለቱ መፈታት አለበት። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«አልሰጥም» አልሁ።

«አባባ...»

«ሌላውን ሁሉ አድርጊ። ሰንሰለቱን አይደለም። የፊተኛው ያልታሰረ ስለሆነ ነው የሄደው። ይኸ ስለታሰረ ነው ያለው። አገር የመከረበት ነው። ቁልፍ ያዝ ተብዬ እንጂ ፍታ ተብዬ አይደለም።»

«ሐሙስ ነገ ነው።»

«ነገም ይሁን ከነገ ወዲያ አልሰጥም።» ሄጄ ሰንሰለቱ ላይ ተቀመጥሁበት። ሰይድ ሊስቅ ብሎ ፊቴን ሲያይ ወደ ሐይቁ ዞረ።

ዘምዘም ከመደቧ ዶማዋን ይዛ መጣች። ቆማ አየችኝ።

«አያ እንድሪስ፣ ምን ሁነህ ነው? ብረት ላይ ተቀምጠህ ጫጩት ልትፈለፍል ነው?»

«ፍታ ይሉኛል። የሙሐመድን ሰንሰለት።»

ትርንጎ ጠጋ ብላ በቀስታ ነገረቻት፤ ሰንሰለቱ እንዴት የፓምፑን ኤሌክትሪክ ወደ መለኪያው እንደሚያሻግር፣ ቁጥሩ ለዚህ እንደሚወርድ፣ ባለሙያው ነገ ያን ቁጥር እንደሚያይ። ዘምዘም እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ዶማዋን መሬት ላይ አስደግፋ ወደኔ ዞረች።

«ሙሐመድ ጀልባውን ማታ ያስራል፣ ጧት ይፈታል» አለች። «ሳይፈታ ዓሣ ያመጣልኝ ቀን የለም።»

ክሩን ከአንገቴ አወለቅሁ። ለትርንጎ አልሰጠሁም፤ ራሴ ነው የፈታሁት። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር ትንሽ ታገለኝ፣ ያም ደግ ሆነ፤ ጎንበስ ብዬ ስታገል ዓይኔን ያየ ሰው አልነበረም።

ትርንጎ ፓምፑን አስነሣች። ሁላችን ወደ ሳጥኑ ሮጥን፤ እኔም በዱላዬ ሮጥሁ። ቁጥሩ ቆሟል። ማለት ይቻላል። መጨረሻ ላይ ያለችው አኃዝ ብቻ እንደ ቁንጫ ትዘላለች።

«እሷንም አልለቃትም» አለች ትርንጎ። ወደ ሳጥኑ የሚመጣውን የሴንሰር ኬብል ከፈተችው። ውስጡ ሁለት ሽቦ፣ በላዩ ደግሞ እንደ መረብ የተጠለፈ የብረት ልብስ አለው። ልብሱ በሁለቱም ጫፍ ታስሮ ኖሯል፣ ሐይቁ ዘንድም ሳጥኑ ዘንድም። ሐይቁ ዘንድ ያለውን ቆረጠችው፣ የሳጥኑን ተወችው።

እኔ እንግዲህ አልቻልሁም። «ሁለት ቦታ ቢታሰር አይጠብቅም ነበር?»

«ሽቦ በሬ አይደለም አባባ» አለች። «በአንድ በኩል ከታሰረ ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ ይዞ ወደ መሬት ይጥልልናል። በሁለት በኩል ከታሰረ ራሱ መንገድ ይሆናል።» ሁለቱን ሽቦዎች ደግሞ ሁለቱንም ለሳጥኑ ሰጠችው። በፊት አንዷ ለመለኪያው፣ ሁለተኛዋ ከኧርዙ ጋር ተጣምራ ነበር። «አሁን ሳጥኑ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው የሚያየው። ሁለቱ አብረው ከፍ ቢሉ አብረው ዝቅ ቢሉ ግድ የለውም።» ይኸ ገባኝ። ሁለት ልጆች አንድ ጀልባ ላይ ቆመው የትኛው ይረዝማል እንደማለት ነው፤ ጀልባው ቢናወጥም ረጅሙ ረጅም ነው።

ቁንጫዋ ተቀመጠች። ቁጥሩ ዓለት ሆነ።

ሰይድ ጨፈረ። እኔ ግን ሴንሰሩን አየሁት፤ ራቁቱን ውኃው ውስጥ ተንጠልጥሏል። «ዛሬ ማታ ቢወስዱትስ?» አልሁ። ይኸን ጥያቄ ግትር ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ያየነውን ያየ ሁሉ ይጠይቀዋል።

ሰይድ ሮጦ ሄደ። ከባጃጁ ወንበር ሥር ያን የተጣፈ ላስቲክ ይዞ መጣ። «አባባ፣ ምን ልትሠራበት ነው ብለውኝ ነበር።»

ትርንጎ ላስቲኩን አገላብጣ አየችው፣ ቀዳዳዎቹን በናስትሮ ደፈነች። ሰንሰለቱን እንደ እጅጌ አለበስነው። ሴንሰሩ አንገት ላይ ሌላ ቁራጭ ጠቀለልን፣ ብረት ብረትን እንዳይነካ። መልሰን አሰርነው። በቴስተሩ ከዳር እስከ ዳር ፈተነችው። «አሁን እንደልብዎ ይሰሩ። ሌባ ይፈራዋል፣ ኤሌክትሪክ ግን አያልፍበትም» አለች።

ዘምዘም ሰንሰለቱን ዳሰሰችና «አሞቃችሁት» አለች።

ሐሙስ፦ የመጡ ቀን

መኪናዋ ቀትር ሲቃረብ መጣች። ባለሙያው ከፊት፣ ፓምፑን የሚጭኑ ሠራተኞች ከኋላ። ሰላምታ ሰጠን። ትርንጎ ያደረገችውን ሁሉ አስረዳችው፤ እሱም አልተቆጣም፣ እየጠየቀ ሰማ። የተላጠውን ኬብል ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ። መጨረሻ ላይ ግን «ደግ። ቁጥሩን ግን በዓይኔ ልየው» አለ። እኔ ብሆንም እንደዚያው ነው የምለው።

ፓምፑ ተነሣ። ባለሙያው ሳጥኑ ፊት ቆመ። ፀሐይ አናት ትበሳለች። ውኃው በቧንቧው እየተወረወረ ወደ ዘምዘም መደብ ይሄዳል፤ ሽንኩርቱ ሥር ሲደርስ የደረቀው አፈር ሲጠጣ ሲፍለቀለቅ ይሰማል። ቁጥሩ ቆሟል። አጥፉ አለ፣ ጠፋ። አስነሡ አለ፣ ተነሣ። ቁጥሩ እንዳለ ነው።

«በቃ?» አልሁት።

ዘምዘም ከመደቧ «የለም፣ አይበቃም!» አለች። «ልጄ፣ ትንሽ ቆይ። ያቺን ታያለህ?»

ከአምባሰል በኩል አንዲት ደመና እየመጣች ነበር፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ የማትቸኩል። ሁላችን አንጋጠጥን። ባለሙያውም፣ ሹፌሩም፣ ሊጭኑ የመጡትም ሠራተኞች፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው። ጥላዋ ሐይቁን ተሻገረ፣ ዳሩን ወጣ፣ ሶላሩ ላይ ዐረፈ። የፓምፑ ድምፅ ወረደ፣ የቧንቧው ውኃ ቀጠነ። ወደ ሳጥኑ ዞርን።

ደመናዋ አለፈች። ሐይቁ ከቦታው አልተነሣም።

ባለሙያው ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ «የሚነሣ ነገር የለም። ውኃ ጠጡና እንሂድ» አለ። ወደኔ መጥቶ ደግሞ «አባባ፣ ያን ጊዜ በዓይን አይለካም ስላልሁ...» ብሎ ጀመረ። «ልክ ነህ፣ በዓይን አይለካም» አልሁት። «ግን ዓይን ደግሞ መጠየቅ አለበት።» ሳቀና ጨበጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰይድ ትርንጎን ወደ ሐይቅ ወሰዳት። ለአለሙ ቤት ብዬ ከኔ መደብ የነቀልሁትን አረንጓዴ ሽንኩርት በጨርቅ አስሬ ሰጠኋት፤ ገና አልደረሰም፣ ቢሆንም። ስትሄድ «ሴንሰሩ ላይ አረንጓዴ ነገር እንዳይበቅልበት ጠዋት ጠዋት እያነሡ ይጥረጉት» አለችኝ። «ሰንሰለቱን መፍታት አለብዎት ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ» አልኋት።

ከመግሪብ በፊት ብቻዬን ወደ ዳሩ ወረድሁ። ልጆቻችን፣ ፓምፑ አለ። ሐይቁም አለ፤ ያው ድንጋዩ ወገብ ላይ። ዘምዘም ውኃውን ወደ መጨረሻው መደብ እየመራች ነው፣ እግሯ ጭቃ ሆኖ፣ ትንሿ ልጇ የአለሙን ብርቱካን እየላጠች። ሰንሰለቱን ዳሰስሁት፣ ቁልፉን ፈተንሁት፤ ታስሯል። ነገ ጧት ከሱብሂ በኋላ መጥቼ እፈታዋለሁ። ማታ ደግሞ አስረዋለሁ።